ወደ ማቹ ፒቹ፦ በባቡር ወይስ በእግር?

በፔሩ ተራሮች ላይ ያለውን የጥንታዊቷን የኢንካዎች ከተማ የማቹ ፒቹን ፍርስራሽ ለማየት የተነሣ መንገደኛ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሁለት ነገሮችን መወሰን ይኖርበታል፤ በምን እንደሚሄድና ሲደርስ የትኛውን መግቢያ እንደሚገዛ።

ባቡሩ ቀን ለሚያጥረው ሰው ነው። ከኦያንታይታምቦ ከተማ ተነሥቶ የኡሩባምባን ወንዝ እየተከተለ በሁለት ሰዓት ገደማ ጉዞ ከተራራው ግርጌ ያለችው አጉዋስ ካሊየንቴስ ይደርሳል፤ ከዚያ ጠመዝማዛውን ዳገት አውቶቡስ በግማሽ ሰዓት ይወጣዋል። የባቡሩ፣ የአውቶቡሱና የመግቢያው ቲኬት የሚሸጡት ለየብቻ ስለሆነ ወጪው ሲደመር መጀመሪያ ከሚታሰበው ይበልጣል።

የኢንካ ጎዳና ግን ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። 43 ኪሎ ሜትር ያህሉን በአራት ቀን የሚሄድ ሰው 4,215 ሜትር ከፍታ ያለውን መተላለፊያ ይሻገራል፣ ድንኳን ውስጥ ያድራል፣ በመጨረሻው ቀን በፀሐይ በር በኩል ብቅ ሲል ከተማዋን ከላይ ቁልቁል ያያታል፤ ይህን እይታ በባቡር የሄደ ሰው የሚያገኘው ከፍርስራሹ ተነሥቶ ሽቅብ ከወጣ ብቻ ነው። ዋጋው ከባቡሩ እጅግ የሚወደደው ፈቃድ ባለው አስጎብኚ ድርጅት በኩል ካልሆነ ስለማይኬድበት ነው። በቀን የሚፈቀድላቸው 500 ሰዎች፣ አስጎብኚዎችና ዕቃ ተሸካሚዎች ጭምር ስለሆኑ ቦታው ከወራት በፊት ያልቃል፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል።

ከፍታውን በተመለከተ ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። የሚያስቸግረው አብዛኛው መንገደኛ አስቀድሞ የሚያርፍበት፣ 3,400 ሜትር ላይ ያለው የኩስኮ ከተማ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው በተለይ በእግር ሊሄድ ካሰበ እዚያ ሁለት ቀን ቢያርፍ ይበጀዋል።

በመግቢያው ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋይና ፒቹን አስቀድሞ በመምረጥ ነው። 2,693 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ሹል ተራራ የሚወጣው በጠባብና ቀጥ ባሉ የድንጋይ ደረጃዎች ነው፤ ቲኬቱም ፍርስራሹ ከሚጎበኝባቸው የተወሰኑ መንገዶች፣ ማለትም ዙሮች፣ ከሦስተኛው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዝነኛው ፎቶግራፍ ወደሚነሣበት የላይኛው እርከን አያስወጣም። ሌላው የሚወጣ ተራራ፣ የማቹ ፒቹ ተራራ፣ 3,082 ሜትር ስለሆነ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ መንገዱ ግን ሰፋ ያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከሁለቱም ይልቅ ሁለተኛውን ዙር እመርጥለታለሁ፤ የላይኛውን እይታም የከተማዋን ውስጥም በአንድ ቲኬት ያሳያልና።

መግቢያው በር ላይ ቲኬቱ ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል፤ የአባትና የአያት ስም ያለን ሰዎች ስንገዛ በፓስፖርታችን ላይ እንደተጻፈው አድርገን መሙላት አለብን።