የተበሳ የብስክሌት ከመነዳሪ፦ በማስቲሽ የሚለጠፍ ወይስ ራሱ የሚጣበቅ ልጣፍ?

መንገድ ላይ ለተበሳ ራሱ የሚጣበቀው ይቀላል። ቤት ውስጥ ግን፣ ጊዜ ካላችሁ፣ በማስቲሽ የሚለጠፈውን ምረጡ።

ራሱ የሚጣበቀው በሁለት ደቂቃ ያልቃል፦ ቦታውን ፈግፍጎ፣ አጽድቶ፣ መጫን ብቻ ነው። ችግሩ ከመነዳሪው ሲነፋ ይለጠጣል፤ ልጣፉ እኩል ስለማይለጠጥ ከጠርዙ ቀስ እያለ ይላቀቃል።

ማስቲሽ ግን ልጣፉን ከላስቲኩ ጋር ያዋህደዋል። ልጣፉ ከሚሸፍነው ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ከመነዳሪው ላይ ከፍ ያለ መስመር ካለ እስኪስተካከል ሞርዱት፤ አለዚያ አየሩ በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። ማስቲሹን በስሱ ቀብታችሁ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እርጥቡ ላይ ይለጥፋል። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ገና ነው፤ ሲደበዝዝ ለጥፉና በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር አጥብቃችሁ ተጫኑት። ጉድለቱ፣ አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ ክዳኑ ቢገጠምም ውሎ አድሮ ይደርቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከመነዳሪውን ወደ ጎማው ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱ፤ የቀረ እሾህ አዲሱን ልጣፍ ወዲያው ይበሳዋል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ ምክንያቱ እሾህ ሳይሆን የአየር ማነስ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬው ከመነዳሪውን ቆንጥጦታል። የተቀደደው ቫልቩ ሥር ከሆነ ሁለቱም አይዙም፤ ከመነዳሪውን ቀይሩት።