«አንድ ሰዓት ብቻ ነው» የሚል ትኬት ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ

ከጎንደር ተነስታችሁ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ፒያሳ ካሉት የትኬት ቢሮዎች በአንዱ የተፈጸመብንን በደል ሳታነቡ ትኬት እንዳትቆርጡ። እህቴ ለዱባይ ጉዞዋ የከፈለችበት ትኬት ትናንት ተቃጥሏል፤ ከገንዘቡም አንድ ብር እንኳ አልተመለሰላትም።

ከአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረራውም አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሻጩ ይህንኑ ይዞ፣ «በ8 ሰዓት ትነሳለች፣ በ9 ቦሌ ትገባለች፣ የዱባዩ 10 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ጊዜ ይተርፋታል» ብሎ ሸጠልን። ሁለቱን በረራዎች ለየብቻ እንደቆረጣቸው ግን አልተነፈሰም። በአንድ ትኬት ቢያዙ ኖሮ ሻንጣዋ በቀጥታ ወደ ዱባይ ያልፍ ነበር፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣትም አየር መንገዱ በቀጣዩ ያሳፍራት ነበር። ለየብቻ ሲሆኑ ግን ሻንጣ ተቀብሎ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ተሻግሮ፣ እንደ አዲስ ቼክ ኢን መሰለፍ ግድ ነው፤ ቼክ ኢኑ ደግሞ በረራው ሊነሳ 60 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። ስለዚህ «ይተርፋታል» የተባለው ጊዜ፣ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ቢያርፍ እንኳ፣ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም ነበር። አውሮፕላኑ የጎንደሩ ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ ትንሽ ዘግይቶ ተነሳ፤ እሷም ሻንጣዋን እየጎተተች ስትደርስ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። በስልክ የሰማሁት ለቅሶዋን ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቢሮው ሄድኩ። ሰውዬው የሌላ ደንበኛ ደረሰኝ ላይ ማህተም እየመታ ስለነበር ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ነገሩን ስነግረው ስልኩን አነሳ፣ ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከፈተና ፊቴ ላይ ደቀነው። «ይኸው፣ 420 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት። እኔ ምን ዋሸሁ? መሮጥ ነበረባት» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሠራተኛ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ያ ስሌት አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ እንጂ የሻንጣውንም ሆነ የሰልፉን ጊዜ እንደማይቆጥር እንደ እሱ ያለ ባለሙያ ሊያጣው አይችልም። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የቡኪንግ ኮዳቸው፣ ማለትም ጉዞው የተያዘበት መለያ ቁጥር፣ ለምን እንደተለያየ ስጠይቀው፣ «በአንድ ላይ ከሆነ ይወደድባችኋላ! ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምንቆርጠው» ብሎ ወረቀቶቹን በእስክሪብቶው ጫፍ ወደ እኔ ገፋቸው። እያወቀ እንደሸጠልን የገባኝ ያኔ ነው። አማራጩን አስረድቶን ቢሆን ልዩነቱን ከፍለን እንቆርጥ ነበር፤ እሱ ግን እኛን ሳይጠይቅ ወሰነልን፣ ኮሚሽኑን በላ፣ ኪሳራውን ለእህቴ ተወላት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱም በረራዎች በአንድ የቡኪንግ ኮድ መያዛቸውን ወረቀቱ ላይ በዓይናችሁ እዩ። ለየብቻ ከሆኑ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ አዲስ አበባ እደሩ።