ልደታ ማመልከቻ ለጻፉልኝ ጋሼ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ፊት ለፊት ላመሰግንዎ ብል “ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ” ብለው አባረሩኝ፤ እዚህ ግን ማባረር አይችሉም። ስምዎን አልጠራም፣ እንደማይወዱ አውቃለሁ። በፖሊስ ላይ አቤት ለማለት የምትፈልጉ፣ ማመልከቻ የምታስጽፉ ሰዎች ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታቸውን እጠቁማችኋለሁ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ናቸው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። ሌላ ነገር የላቸውም።

ባለፈው ክረምት የ19 ዓመት ልጄን ከሥራ ሲመለስ ያዙት። 5 ቀን ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ አስቀመጡት። ምሳ ቋጥሬ ስሄድ ሰሃኑን ይቀበሉኛል፣ ልጁን አያሳዩኝም። በ5ኛው ቀን ያለ ክስ ለቀቁት፤ ቀኝ እጁ አብጦ፣ ጀርባው ሰንበር በሰንበር ሆኖ። ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ብጠይቅ ተረኛው “ወጥቷል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልተወው ነበር። ሌሊት ሲያቃስት ስሰማ ግን አንጀቴ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ምኑን ልንገራችሁ። ጠበቃ ነኝ ያለኝ ሰው 4,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሌላ ጸሐፊ “በታላቅ ትሕትና” እያለ ሦስት ገጽ ሞልቶ፣ የልጄን ስም አሳስቶ ሰጠኝ። ያንን ይዤ የሄድኩበት ቢሮ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” አለኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስብሰባ! ሆስፒታሉ ደግሞ የጉዳት ማስረጃ ለመስጠት የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ይለኛል። ከየትኛው ፖሊስ? ከመታው?

ከሁሉም የባሰው ሰፈሩ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ወረቀት በእጄ ይዤ በወጣሁ ቁጥር ከፊት ለፊቴ ያለው መጋረጃ ይነቃነቃል። ደረጃው ሥር ዳማ የሚጫወተው ሰውዬ ሳልፍ ጨዋታውን ያቆማል። ቡና አፍልቼ ኑ ጠጡ ስል “አሁን ጠጥተን ነው” ይሉኛል። በየቀኑ ጠጥተው ነው! አንዷ ለልጄ እህት “ሳይነካካ ይወስዱታል እንዴ?” ብላታለች። ግማሹ የራሴ ፍርሃት ይሆናል። ግን ማን ጆሮ ጠቢ፣ ማን እንዲያው ወሬ ወዳድ እንደሆነ በምን ይለያል?

እንዲህ ሆኜ ነው የፍርድ ቤቱን አጥር ተደግፌ ሳለቅስ ጋሼ “አንቺ ልጅ፣ ነይ ተቀመጪ” ያሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ። እኔ በእርግማን ጀመርኩ። ሰምተው ሰምተው “ንዴትሽን ለኔ ንገሪኝ፤ ለወረቀቱ ሰዓቱን ስጪው” አሉ። ስንት ሰዓት ተያዘ፣ ማን አየ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ ስንት ሰዓት ወጣ። አንድ ገጽ ብቻ ሆነ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ምንም ሳያዩ በቃላቸው አስገቡት። እኔ ይህን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ ምሳ ሳመላልስ አላውቅም። ከታች ግልባጭ ለኢሰመኮ፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማለት ነው፣ አሉበት። እዚያ አቤቱታ በነጻ እንደሚቀበሉም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለሆስፒታሉ ጉዳይ ደግሞ ለዐቃቤ ሕግ ሌላ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ምን ብለው እንደጻፉት እስካሁን አልገባኝም፣ ማስረጃው ግን ወጣ።

“ሁለት ኮፒ ያዢ። በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ሳያደርጉልሽ ከመዝገብ ቤቱ እንዳትወጪ። እምቢ ካሉ ተቀመጪ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ እንጂ መቱልኝ።

ሒሳቡ 150 ብር። ለሁለተኛው ደብዳቤ አልቀበልም አሉ።

ግን እኔ እስክሞት የማልረሳው ይህን አይደለም። ፖስታውን ይዤ ለመነሳት ስግደረደር “ምነው?” አሉኝ። የመጋረጃውን፣ የዳማውን ነገር ነገርኳቸው። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ባለቤታቸው ገበያ ልካቸው የገዙትን ሽንኩርት ከነዘንቢሉ ሳቡና ፖስታውን ከሥር አስገብተው ሽንኩርቱን መልሰው ከላይ አደረጉበት። “ኧረ ሽንኩርቱን ይያዙ፣ እቤት ምን ይሉዎታል” ብላቸው “ባዶ ዘንቢል ሰው ያያል፣ ሂጂ” አሉኝ። ዳማ ተጫዋቹ ያን ዕለት ቀና ብሎ “ሽንኩርት ስንት ገባ?” ብቻ ነው ያለኝ።

ጉዳዩ አላለቀም። ልጄን ጠርተው ቃሉን ተቀብለዋል፣ ማስረጃው ተያይዟል። የሚቀጣ ይኑር አይኑር አላውቅም። ብቻ “እንዲህ የሚባል ማመልከቻ አልደረሰንም” የሚለኝ የለም፤ ቁጥሩ በእጄ ነው። እባካችሁ፣ እንደኔ ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተታችሁ በፊት ወደ እሳቸው ሂዱ። ገንዘባችሁን ለደላላ አትበትኑ። እሳቸው ጋ ሂዱ።

ጋሼ፣ ዘንቢልዎ እኔ ጋ ነው። ሰኞ ቀጠሮ ስላለኝ አንዴ ልውጣበትና ከነሽንኩርቱ አመጣዋለሁ። ለባለቤትዎ ይቅርታ ይበሉልኝ።