ዲቪኒቲ ኦሪጅናል ሲን 2፦ ከወራት ጨዋታ በኋላ

60 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ይዞብኛል። ላፕቶፔ በሞላ ቁጥር ሌሎች ጌሞችን አጠፋለሁ፤ እሱን ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

ዲቪኒቲ ኦሪጅናል ሲን 2 የቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጌም ነው። አካሄዱ የድሮዎቹ ነው፦ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ፣ አራት ሰው ያለበት ቡድን፣ ተራ በተራ የሚካሄድ ውጊያ። በ1997 የወጣውን የመጀመሪያውን ፎልአውት የተጫወተ ሰው አይቸገርም። አንድ ተዋጊ ተራው ሲደርስ አራት ነጥብ ያገኛል። መራመዱም መምታቱም ከዚያች አራት ይቀነሳል። የተረፈው ለሚቀጥለው ተራ ይቆያል፤ ቢጠራቀምም በመደበኛው ከስድስት አያልፍም።

እኔን የያዘኝ ይህ ቁጠባ ነው። አሁን ልምታ ወይስ መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ልውጣ? ከፍታ ላይ ያለ ቀስተኛ ርቆ ይመታል፣ ጉዳቱም ይጨምራል። እስክትወስኑ ድረስ ጠላት ንቅንቅ አይልም። ዳማ ላይ እንኳ ከጀርባ ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ!» የሚል አይጠፋም፤ እዚህ ማንም የለም። ቡና አፍልታችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

መሬቱም ይዋጋል። ዝናብ አዝንባችሁ ውሃው ላይ መብረቅ ብትለቁ፣ የአስማት መከላከያው ያለቀበት ሁሉ ደንዝዞ ይቀራል። ዘይት ከፈሰሰ አንድ የእሳት ቀስት ትበቃለች። ከተጓዦቹ አንዱ ፌይን ደግሞ ሙት ነው፤ አፅም ብቻ። መርዝ ይፈውሰዋል፣ የፈውስ አስማት ያቆስለዋል። ሌላው የሚሸሸው የመርዝ ኩሬ ለእሱ ጠበል በሉት።

ብላክፒትስ የሚባል ዘይት የሚወጣበት ቦታ አለ። እዚያ የሚነሳው የተረገመ እሳት ነው፣ ውሃ አያጠፋውም። ስንቴ እንደሞትኩበት አትጠይቁኝ። ግን በሞትኩ ቁጥር ምክንያቱ ይታየኛል፦ ቡድኑን አንድ ላይ አከማችቼዋለሁ፣ ወይም የእሳቱን እርግማን የሚያነሳውን ባራኪ አስማት ለማይረባ ነገር ጨርሼዋለሁ። የጣት ፍጥነት በሚጠይቁ ጌሞች ስሸነፍ የሚተርፈኝ ንዴት ብቻ ነው። እዚህ ግን ቀጣዩን ሙከራ ሥራ ቦታ ሆኜ ሁሉ አሰላዋለሁ።

ያልተዋጠልኝም አለ። መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው፣ የአካልና የአስማት። ሰይፈኛው አንዱን ሲያፈርስ አስማተኛው ሌላውን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ጨዋታው «ሁላችሁም በአንድ ዓይነት ምቱ» እያለ ይገፋፋችኋል፤ የተሰባጠረ ቡድን ለሚወድ እንደ እኔ ላለ ሰው ያናድዳል። የዕቃው ጣጣስ! ሌቭል በጨመራችሁ ቁጥር ትናንት የኮራችሁበት ሰይፍ ቆርቆሮ ይሆናል፤ እንደገና ከነጋዴ ነጋዴ መዞር ነው። ጽሑፉም ብዙ ነው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚሰለቸው ሰው አይሆንም።

ከወንድሜ ጋር ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን ስንጫወት ግን ሌላ ጌም ነው የሚሆነው። እሳቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ወንድሜም አይለይም። እኔ ለሦስት ዙር ያዘጋጀሁትን ወጥመድ እሱ በአንድ ጠርሙስ ያነደዋል። ደግሞ እኮ አንዳንዴ ይሠራለታል።

ልትገዙ ካሰባችሁ በ2018 የወጣውን የተሻሻለውን እትም ያዙ፤ የመጨረሻው ክፍል ተስተካክሏል። ክላሲክ በሚለው የክብደት ደረጃ ጀምሩ። ኦነር የሚባለውን ለጊዜው አትንኩት፤ ቡድኑ ካለቀ ሴቩም፣ ማለትም ያስቀመጣችሁት ጨዋታ፣ አብሮ ይጠፋል።