ኢሲቲ ለአረጋውያን፦ የት ያዋጣል፣ የት ይበላሻል?

በከባድ ድባቴ ምግብና ውሃ እምቢ ላሉ ወይም ክኒን ተፈራርቆባቸው ላልተሻላቸው አረጋውያን፣ በሰመመን ተኝተው የሚወስዱት፣ አንጎልን ለአጭር ጊዜ የሚያንቀጠቅጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና (ኢሲቲ) ያለ ማመንታት የምንመክረው አገልግሎት ነው። አሜሪካ ውስጥ ፕራይድ በተባለው፣ በ2016 በታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 240 ሕሙማን 62 በመቶ ያህሉ ከሕመማቸው ተላቀዋል፤ በአማካይ ሰባት ዙር ገደማ በቅቷቸዋል። ከኤሌክትሪኩ ጎን ቬንላፋክሲን የተባለ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ይወስዱ ነበር።

ጥሩውን የሕክምና ክፍል ከደካማው የሚለየው የመጠን አሰጣጡ ነው። አንዱ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ራስ የሚያደርሰው መለጠፊያ) በቀኝ በኩል በዓይንና በጆሮ መካከል፣ ሌላው አናት አጠገብ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምት ርዝመትም 0.3 ሚሊሰከንድ ሲሆን የማስታወስ ችሎታ ብዙም አይጎዳም። ግን መጠኑ፣ አንጎል መንቀጥቀጥ ከሚጀምርበት ዝቅተኛ መጠን ስድስት እጥፍ ካልሆነ ውጤቱ ደካማ ነው። ይህ ዝቅተኛ መጠን ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ስለዚህ «ለሽማግሌ እንቀንስለት» የሚል ደግነት ሕክምናውን ከንቱ ያደርገዋል። ለእንቅልፍ ብለው ማታ የሚሰጧት ሎራዘፓምም መንቀጥቀጡን ታዳክማለች፤ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ነው።

ለእናቶቻችን አንድ ነገር እንጨምር፤ ፀጉር። ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባና ሹሩባ የተሠራ አናት ኤሌክትሮዱን ከቆዳ ያርቀዋል። ጄል መደራረብም አይፈታውም። ዋዜማውን በሻምፑ ታጥቦ፣ ሹሩባው ተፈትቶ፣ ፀጉሩ ደርቆ ይደር።

ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት አንድ ቁርጭምጭሚት በደም ግፊት መለኪያ ይታሰራል፤ መድኃኒቱ ስለማይደርስበት መንቀጥቀጡ በዚያ እግር ይታያል። ሌላው ሰውነት አይንፈራገጥም። አጥንታቸው ለሳሳ ሰዎች ይህ ወሳኝ ነው።

ሲነቁ ለጥቂት ጊዜ መደናገር የተለመደ ነው። መደናገሩ በየዙሩ እየረዘመ ከሄደ በሳምንት ሦስቱን ዙር ወደ ሁለት ማውረድ ይቻላል። የስምምነት ቅጹን በልጅ አታስተርጉሙ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው።

ትልቁ ቅሬታችን ከመጨረሻው ዙር በኋላ ያለው ነው። በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከኢሲቲ በኋላ የይስሙላ ክኒን ብቻ ከተሰጣቸው 84 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ ዳግም ታመዋል። ስሜትን የሚያረጋጋውን ሊቲየም ከፀረ ድባቴ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት ግን ዳግም የታመሙት 39 በመቶ ነበሩ። ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው እንደታሰበ ጠይቁ፤ ክኒን፣ በሳምንት አንዴ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ወር አንዴ የሚራራቅ ኢሲቲ፣ ወይስ ሁለቱም?