የቴስቶስትሮን ማነስ ሕክምና፦ መርፌ፣ ጄል ወይስ እንክብል?

መድኃኒት ከመምረጥ በፊት ምርመራው ይቅደም። የቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞን) መጠን ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለሚል ደሙ ከ4 ሰዓት በፊት፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይወሰዳል። በአንድ የከሰዓት ውጤት ብቻ ሕክምና መጀመር ትክክል አይደለም።

በብዛት የሚታዘዙት መርፌዎች ኤናንቴትና ሳይፒዮኔት ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ 200 ሚሊግራም ሲወጉ መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ ቀጣዩ መርፌ ሲቃረብ ደግሞ ያሽቆለቁላል። ታካሚው ድካሙና ንጭንጩ የሚመለስበት በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ነው። ብዙዎች መጠኑ ይጨመርልኝ ይላሉ፤ የሚሻለው ግን ያንኑ ከፍሎ በየሳምንቱ 100 ሚሊግራም መውጋት ነው። ለአብዛኛው ሰው የምንመርጠውም ይህንኑ ነው። መከታተያው የደም ምርመራ በሁለት መርፌዎች መካከል ባለው አጋማሽ ቀን ይሠራል፤ መርፌው በተወጋ ማግስት የተወሰደ ደም ያሳስታል።

አንዴካኖኤት የተባለው 1,000 ሚሊግራም መርፌ ሁለተኛው ዙር ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ በየ10 እስከ 14 ሳምንቱ ይሰጣል። 4 ሚሊሊትር ዘይት ስለሆነ መቀመጫ ጡንቻ ውስጥ በጣም ቀስ ተብሎ ይወጋል። ዘይቱ ወደ ደም ሥር ካመለጠ ሳንባ ደርሶ ድንገተኛ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ጄል መጠኑን ከሁሉም ይልቅ ሳያዋዥቅ ይይዛል። ጠዋት ከታጠቡ በኋላ በደረቀ ትከሻና ክንድ ላይ ይቀባል፣ እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል፣ ሲደርቅ በልብስ ይሸፈናል። አደጋው ንክኪ ነው፤ የተቀባ ትከሻ ላይ የሚተኛ ሕፃን ያለ ዕድሜው የብልት ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። የሚታቀፍ ልጅ ላለው አባት ጄልን አንመክርም።

የአንዴካኖኤት እንክብል በቀን ሁለቴ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የደም ግፊት ስለሚጨምር ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም። ሜቲልቴስቶስትሮን የተባለው እንክብል ግን ጉበት ስለሚጎዳ ከነጭራሹ ይቅር።

በቅርቡ መውለድ ለሚፈልግ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። ከውጭ የሚገባው ሆርሞን አንጎል ለዘር ፍሬዎች የሚልከውን ትእዛዝ ያስቆማል፤ የወንድ ዘር ቁጥር እስከ ዜሮ ሊወርድ፣ ለመመለስም ወራት ሊወስድ ይችላል። ችግሩ ከዘር ፍሬዎቹ ሳይሆን ከአንጎል ትእዛዝ ማነስ ከሆነ ክሎሚፊን የተባለ እንክብል ወይም የዘር ፍሬዎችን የሚያነቃቃ ኤች.ሲ.ጂ. የተባለ መርፌ ስለመጠቀም ሐኪም ይጠየቅ።

የትኛውም ቢመረጥ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) እና ፒ.ኤስ.ኤ. (ለፕሮስቴት ዕጢ ክትትል የሚደረግ የደም ምርመራ) ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይታያሉ። ደም መወፈር ከጄል ይልቅ በመርፌ ይበዛል፤ ሄማቶክሪት ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ እስኪወርድ ድረስ ይቆማል፣ ሲቀጥልም በተቀነሰ መጠን ነው።