እጀታ ጎማ ቀይራችሁ ጋዙ ከተበላሸባችሁ፦ የትኛው ጎማ ምን ያደርጋል?

ሰሞኑን ሶስት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መጡ። "የሞተሬን እጀታ ጎማ ቀየርኩ፣ ከዛ ወዲህ ጋዙ እንደ ድሮው አይደለም፣ ኬብሉን ላጥብቀው?" ሶስቱም ቦክሰር የሚባለውን ሞተር ሳይክል ነው የሚነዱት፣ የገዙት ጎማ ግን ለየቅል ነው፣ እና ኬብሉ ላይ ችግር የተገኘው አንዱ ጋ ብቻ ነው። ሁለቱ ችግሩን ራሱ ከሱቅ ገዝተውት ነው የመጡት። ስለዚህ ጎማዎቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥና የትኛው ጋዙን ምን እንደሚያደርገው ልንገራችሁ። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሶማሌ ተራ ሌላ ነው።

ከዓይነቱ በፊት ግን ልኬት። አብዛኛው ትንንሽና መካከለኛ ሞተር መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቧንቧ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው። የግራው ጎማ ቀጥታ ብረቱ ላይ ይገባል፣ የቀኙ ግን ጋዝ የሚዞርበት ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ስለሆነ የሚገባው ቀዳዳው ሰፋ ይላል፣ ከ24 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ። ማለት ጥንዱ መንታ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ከካርቶኑ ከወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አርጋችሁ በቀዳዳው እዩት፣ እኩል ከሆኑ ተዉት። የሳይክል ጎማም ቀዳዳው 22 ስለሆነ "ይሆናል ይሆናል" ተብሎ ይሸጣል፣ ግራው ላይ ይሆናል እውነት ነው፣ ቀኙ ላይ ግን በሳሙናም በጸሎትም አይገባም፣ በግድ ቢገባ ደግሞ ቱቦውን ጨምቆት ጋዙ መሪው ላይ እየታሸ ነው የሚዞረው። ትልልቅ ክሩዘር ሞተሮች ላይ መሪው 25.4 ሚሊ ሜትር የሚሆንበት አለ፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው።

ቀጥሎ ውፍረት፣ ይሄ ነው ብዙ ሰው የማያስበው። ውጪው 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ሩብ ዙር ስታዞሩት መዳፋችሁ ላይ 23.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ 34 የሆነውን ደግሞ 26.7። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ሁለቱም ጊዜ የተከፈተው እኩል ነው፣ እጃችሁ ግን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሄዷል፣ ስለዚህ "ጋዙ ሰነፈ" ትላላችሁ። በልዋጩ ወፍራሙ ለእጅ ይቀላል፣ ስፕሪንጉ ያን ያህል አይታገላችሁም፣ ቀኑን ሙሉ ዴሊቨሪ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቀጭኑ ደግሞ ፈጣን ነው ግን ይከብዳል፣ ንዝረቱንም ጠቅላላ ለእጃችሁ ያስረክባል። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ወፍራም አይግዛ፣ ፍሬን ለመያዝ ጣቱ አይደርስለትም፣ ይሄ ደግሞ ከምቾት በላይ ነው።

እሺ አሁን ዓይነቶቹ።

ተራው ጎማ፣ ፋብሪካው ከሚያስገባው ጋ የሚመሳሰለው። ጠጣር ነው፣ አያምርም፣ ጋዙን ግን አይቀይረውም፣ ያዞራችሁት ሁሉ ቀጥታ ቱቦው ላይ ይደርሳል። ርካሹ ቻይና ላይ ያለው ችግር አንድ ክረምት ሳይሞላው ይላጥና እጅ ያጠቁራል፣ አንዳንዱ ፀሐይ ሲመታው ይጣበቃል። በጣታችሁ ጥፍር ስትጫኑት ምልክቱ ወዲያው ከጠፋ ደህና ነው፣ ከቀረ ተዉት፣ እኔ በዚህ ነው የምመርጠው።

ጄል ያለው ወይ ለስላሳው፣ የክሮስ (ከአስፋልት ውጪ የሚወዳደሩት) ልጆች የሚወዱት ዋፍል የመሰለው፣ ፕሮቴፐር ፒሎው ቶፕ የሚባለው ዓይነት። ምቾቱን አልክድም፣ ከላሊበላ ኮረብታ የወረደ መዳፍ ይመርቀዋል። ግን ለስላሳ ስለሆነ ቱቦው ሳይነሳ በፊት ጎማው ራሱ ይጠመዘዛል። እናንተ ይሄን ባዶ ዙር የኬብል መላላት ይመስላችኋል፣ ኬብሉን ታጠብቃላችሁ፣ ባዶ ዙሩ ግን አይሄድም ምክንያቱም እዛ አልነበረም፣ ትጨምራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትሰጡት) መጮህ ይጀምራል። ከሶስቱ አንዱ ልጅ ይሄው ነበር። መለያው ቀላል ነው፦ የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝ (ወደ ስዊቹ ያለውን) በአንድ እጅ ያዙና እዛው ላይ አዙሩት፣ ከዛ ወደ ውጪ መሃሉን ይዛችሁ አዙሩት። ጠርዙ ላይ ወዲያው ከያዘ መሃሉ ላይ ግን ከዘገየ፣ ጥፋተኛው ጎማው ነው፣ ኬብሉን ተዉት።

ስፖንጅ። ሁለት ዓይነት አለ፣ ራሱን የቻለ እጀታ የሆነና ባለው ጎማ ላይ የሚለበስ፣ ግሪፕ ፐፒስ እንደሚባለው። የሚለበሰው ለንዝረት በጣም ጥሩ ነው፣ ለማውለቅም አይከብድም፣ ካልወደዳችሁት ቀድዳችሁ ትጥሉታላችሁ አለቀ። ውፍረት ግን ይጨምራል፣ ከላይ ያልኩት የ3 ሚሊ ሜትር ነገር እዚህ ጎልቶ ይመጣል። ደግሞ ዝናብ ይጠጣል፣ ሐምሌ ላይ ጠዋት ስትይዙት እንደ እርጥብ ካልሲ ነው። አዲስ አበባ ክረምቱን ለሚነዳ ሰው አልመክርም፣ ሐዋሳና አዳማ ላለ ይሁን።

በብሎን የሚታሰረው፣ ሎክ ኦን፣ ኦዲአይ የሚባለው ድርጅት የሚታወቅበት። ማስቲሽ የለ፣ ሽቦ የለ፣ አለን ኪ ይዞ አምስት ደቂቃ ነው። ጎማው ጠንካራ እጅጌ ላይ ስለተሠራ መጠምዘዝ የለም፣ ጋዙ በጣም ጥርት ይላል፣ እኔ ለራሴ ብገዛ ይሄን ነው። ሁለት ነገር ግን እዩ፦ ቀኙ ከራሱ የጋዝ ቱቦ ጋ የሚመጣው ለክሮስ ሞተር የተሠራ ነው፣ ቱቦው ላይ ኬብሉ የሚጠመጠምበት ክብ ከናንተ ሞተር ጋ ካልገጠመ እንዳትገዙ፣ የተለያየ ክብ ጨምሮ የሚመጣም አለ ግን ዝርዝሩ ላይ የሞተራችሁ ስም ከሌለ የለም። ሁለተኛው፣ የቀኙን ብሎን ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ፕላስቲኩን መሪው ላይ ይጨምቀዋል፣ ጋዙ በሰነፉ ይመለሳል ወይም አይመለስም። ንዝረቱም ከጄሉ ይበልጣል፣ ይሄን መደበቅ አይቻልም።

የሚሞቀው፣ ኦክስፎርድ ዓይነቱ። ጀርመን፣ ስዊድን፣ ሚኒሶታ ያላችሁ ወንድሞች በደንብ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ጠዋት 12 ሰዓት ለሚነሳ ሰውም ሳቅ አይደለም። ግን ሙሉ ሙቀቱ ላይ ወደ 4 አምፔር ይበላል፣ ያ ማለት 50 ዋት ገደማ፣ የትንሽ ሞተር የፊት መብራት ራሱ 35 ዋት አካባቢ ነው፣ ባትሪያችሁን አስቡት። የጋዙ ቱቦ ላይ ብዙ ጊዜ የተነሱ መስመሮች አሉ፣ እነሱን በሞረድ ካላሳነሱ ቀኙ አይገባም፣ ገብቶም ከቀኙ ጎማ የሚወጣው ሽቦ ጋዝ ሙሉ ሲሰጥም ሲለቀቅም የፍሬኑን እጅ እንዳይነካ አቅጣጫውን መምረጥ አለባችሁ። ሽቦው አጥሮ ከተወጠረ ጋዙን ይጎትታል።

እንግዲህ የትኛውንም ግዙ፣ ገጥማችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ የምታዩት ኬብሉን አይደለም። የጎማው ጫፍ መሪው ጫፍ ላይ ያለውን ክብደት ይነካል? 1 ወይ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። አዲሱ ጎማ ከድሮው በ5 ሚሊ ሜትር ቢረዝም እንኳ በቂ ነው ጋዙን ለመያዝ፣ በስለት ቁረጡት። ጫፉ የተደፈነ ጎማ ቀኝ ላይ ከገባ ደግሞ ጠርዙ የቧንቧውን አፍ ይገፋል፣ መሪው ጫፍ ላይ ክብደት ያለበት ሞተር ከሆነ ድፍኑን ቀድሞውኑ አትግዙ።

ስለ ማስቲሽ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ጋራዥ ወስጄ ጎማ አስቀየርኩ፣ ልጁ ሱፐር ግሉ አፈሰሰበት፣ ትርፉ ከቱቦው ጫፍ አልፎ ብረቱ ላይ ደረሰ። እዛው ስሞክረው ይዞራል፣ ገና አልደረቀማ! መገናኛ ስደርስ ጋዝ ሰጥቼ ለቀቅኩ፣ አልተመለሰም። ፍሪሲዮን ያዝኩ፣ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ጮኸ፣ የማጥፊያ ስዊቹን ነካሁ፣ በእግሬ ገፍቼ ዳር ወጣሁ። ከዛ ወዲህ ቀኙን በሰው አላስገጥምም። በአልኮል ወይ በሳሙና ውሃ ይገባል፣ ቤንዚንና ደብሊው ዲ 40 አትጠቀሙ፣ ቤንዚኑ ጎማውን ይጎዳል፣ ደብሊው ዲ 40 ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፣ ማስቲሽ ካደረጋችሁ ጎማው ውስጥ ስስ አርጋችሁ፣ ከቱቦው ጫፍ አንድ ጣት ቀርታችሁ፣ ከዛ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ግሬስ ቱቦውና ብረቱ መሃል የሚቀባ አለ፣ እኔ አልቀባም፣ አቧራ ይሰበስብና በሳምንቱ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሆናል፣ አጽድቶ ደረቅ መተው ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነና ባዶ ዙሩ አሁንም ካለ፣ እሺ፣ ኬብሉ ነው። ጋዝ ሳይይዝ በፊት የሚዞረው ባዶ ዙር የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሲለካ ለብዙ ሞተር ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መሃል ነው፣ የናንተን መጽሐፉ ላይ እዩ። ዜሮ አታርጉት፣ "ሹል ይሁንልኝ" ብሎ ዜሮ የሚያደርግ አለ፣ መሪው ሲታጠፍ ኬብሉ ይጎተትና ሞተሩ ራሱ ጋዝ ይሰጣል። ማስተካከያው እጀታው አጠገብ ጎማ ኮፍያ ስር ነው፣ ትንሿን ዳዶ አላሉ፣ ማስተካከያውን በሩብ ሩብ ዙር፣ ዳዶውን መልሳችሁ አጥብቁ። እዛ ካለቀባችሁ ካርቡራተሩ ጋ ያለው ሁለተኛው አለ። ትልልቆቹ ሞተሮች ሁለት ኬብል አላቸው፣ አንዱ የሚከፍት ሌላው የሚዘጋ፣ ባዶ ዙሩን በሚከፍተው አስተካክሉ፣ የሚዘጋው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ጋዙ ይከብዳል። አንዳንድ አዳዲሶቹ ኬብል ጭራሽ የላቸውም፣ በኤሌክትሪክ ነው፣ እነሱ ላይ የምታዞሩት ነገር የለም።

ከዛ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አስነስታችሁ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ። ድምፁ ከጨመረ ወይ ኬብሉ ጠብቋል ወይ የሄደበት መንገድ ተሳስቷል። አጥፍታችሁ ደግሞ መሪውን በግራም በቀኝም በመሃልም አድርጋችሁ ጋዙን ሙሉ ሰጥታችሁ ልቀቁት፣ ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት።

ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር የያዛችሁ፣ ገጠር ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ በተለይ፣ እናንተ ጋ ጋዙ ካርቡራተሩን ብቻ አይደለም የሚጎትተው፣ የዘይት ፓምፑንም ይጎትታል። ባዶ ዙሩን ስትነኩ ፓምፑ ላይ ያለው ምልክት መስመሩ ላይ መሆኑን እዩ፣ አለበለዚያ ዘይት ያንሳል፣ ፒስተኑ ይይዛል። ለናንተ ተራውን ወይ ሎክ ኦኑን ነው የምለው፣ ጄሉ ላይ ባዶ ዙሩ ከጎማው ይሁን ከኬብሉ ስትጠራጠሩ ፓምፑንም አብራችሁ ታበላሻላችሁ። ለከተማ ቦክሰር ደህና ተራ ጎማ፣ እጁ የሚደነዝዝበት ደግሞ የሚለበስ ስፖንጅ ለበጋ። ሶስተኛው ልጅ፣ የሳይክል ጎማ የገዛው፣ ግራውን አስቀርቶ ቀኙን ሊመልስ ሄዷል፣ ሻጩ ግማሽ ጥንድ አልቀበልም ብሎት እስካሁን እየተጨቃጨቁ ነው።